ልጄ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ለቤዝቦል ልፈርም ይላል

የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። ከትንሽነቱ ጀምሮ ቤዝቦል ይጫወታል። ቦታው ሾርትስቶፕ ነው። እኛ ጊዜ ማሳለፊያ መስሎን ነበር። አሁን ግን የትልልቅ ቡድን መልማዮች ቤታችን ድረስ መምጣት ጀመሩ። አንደኛው በድራፍቱ (ቡድኖቹ በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በዙር በሚመርጡበት ሥርዓት) ከ11ኛው ዙር በኋላ ሊመረጥ እንደሚችልና 150 ሺህ ዶላር ገደማ ሊያገኝ እንደሚችል ነገረን። አንድ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከፊል ስኮላርሺፕ ሰጥቶታል። ልጁ ፈርሜ ልሂድ ይላል። አባቱ፣ አገር ጥለን የመጣነው ልጃችን ሜዳ ላይ ቆሞ ኳስ ሲጠብቅ እንዲውል አይደለም ብሎ ተቆጣ። ከተኮራረፉ ሰነበቱ። እኔ መሃል ገብቼ ተጨነቅሁ። ይሄ ነገር እውነት ሥራ ነው? በዚያ ላይ ልጄ ይጾማል፣ እሑድ ያስቀድሳል። እሱስ እንዴት ሊሆን ነው? ምን ልበለው?»

እህቴ፣ የጭንቀት ደብዳቤ ነውና መልሱን አላዘገይም። በተባለው ገንዘብ ከሆነ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ይግባ። ቤዝቦሉን ይተው ማለቴ ግን አይደለም። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሾርትስቶፕ ሆኖ ይጫወት። ጥሩ ከሆነ ድራፍቱ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ያገኘዋል፤ ያኔ ዋጋውም ሌላ ሊሆን ይችላል። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የምጽፈው ለአባቱም ጭምር ነውና እባክዎ ያስነብቧቸው።

በመጀመሪያ «ቆሞ ኳስ ሲጠብቅ» ስለተባለው። ሾርትስቶፕ የሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (መቺው እየሮጠ በሚደርስባቸው ማረፊያዎች) መካከል ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም መቺ መሬት ለመሬት የሚሰዳት ኳስ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ነው የምትመጣው። መቺው መትቶ አንደኛ ቤዝ ለመድረስ አራት ሰከንድ ከምናምን ይበቃዋል። በዚያች ጊዜ ሾርትስቶፑ ኳሷ ወዴት እንደምትነጥር ገምቶ ይሮጣል፣ ጎንበስ ብሎ ይይዛል፣ ከጓንቱ ያወጣል፣ ከዚያ ከሠላሳ ሜትር በላይ አሻግሮ ይወረውራል። ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ሯጩ ደርሷል። ኳሷ ወደ እሱ ባልመጣች ጊዜም ሥራ አይፈታም። ሁለተኛ ቤዝን ይሸፍናል፣ ከሜዳው ጥግ የሚወረወረውን ተቀብሎ ያሻግራል፣ ጓደኞቹ የት መቆም እንዳለባቸው ይጮህላቸዋል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከውስጠኛው ሜዳ ተከላካዮች ከሁለተኛ ቤዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት እንዲቆሙ ደንብ ወጥቷል። ድሮ ሌሎች መጥተው ይሸፍኑለት የነበረውን ቦታ ዛሬ በገዛ እግሩ ነው የሚሸፍነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ የሚቆመው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ ምርጥ አትሌት ነው። መልማይ ቤታችሁ ድረስ የመጣው ቀላል ነገር አይቶ አይደለም። ባለቤትዎ ባይገባቸው አልፈርድባቸውም። እኛ ያደግነው በእግር ኳስና በሩጫ ነው። ግን ልጁ ለዓመታት የለፋበትን ነገር ሥራ ፈትነት ማለት ያስከፋል። ኩርፊያው የጀመረው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ሥራ ነው ወይ ላሉኝ፣ አዎ ሥራ ነው። ሜጀር ሊግ፣ ማለትም ከሁሉ የበላይ የሆነው ሊግ፣ የደረሰ ሰው በ2025 ዝቅተኛው የዓመት ደመወዙ 760 ሺህ ዶላር ነበር። ኮሪ ሲገር የተባለው ሾርትስቶፕ ከቴክሳስ ጋር ለአሥር ዓመት በ325 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርሟል። ልጅዎ የሚያየው ይሄንን ነው። እኔ ደግሞ እዚያ እስኪደረስ ያለውን መንገድ እንዲያይ እፈልጋለሁ።

የሜጀር ሊግ ቡድኖች 30 ናቸው። መደበኛ ሾርትስቶፕ የሚባለውም በመላው ዓለም 30 ሰው ነው ማለት ነው። ድራፍቱ 20 ዙር አለው፤ በየዓመቱ ከ600 በላይ ልጆች ይመረጣሉ። ከነሱ ሌላ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬንዙዌላ በ16 ዓመታቸው የሚፈርሙ አሉ። የዶሚኒካን ልጅ ደግሞ ሾርትስቶፕነትን ከጥርስ ማብቀያው ጀምሮ ነው የሚማረው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከፈረሙት አብዛኞቹ ሜጀር ሊግን ሳያዩ ይሰናበታሉ። ይሄን የምለው ላስፈራራ አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ይሄ ስለሆነ ነው።

የፈረመ ልጅ የሚጀምረው ከጀማሪዎች ሊግ ነው። ከዚያ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እያለ ይወጣል። እያንዳንዷ ደረጃ አንድ ዓመት ልትፈጅ ትችላለች፣ ከዚያም በላይ። ክፍያው ድሮ አሳፋሪ ነበር። በ2023 የእነዚህ የታች ደረጃዎች (የማይነር ሊግ) ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ የጋራ ስምምነት ተፈራረሙና ተሻሻለ። በዚያ ስምምነት ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ በጀማሪዎቹ ሊግ 19,800 ዶላር፣ በሲንግል ኤ 26,200፣ በደብል ኤ 30,250፣ በትሪፕል ኤ 35,800 ሆነ። ለአብዛኞቹ መኖሪያም ቡድኑ ይሰጣል። ከረሃብ ያወጣል፤ ቤተሰብ ግን አይመሠረትበትም። ከማክሰኞ እስከ እሑድ በየቀኑ ጨዋታ ነው። ሰኞ ዕረፍት ይባላል፤ ብዙ ጊዜ አውቶቡስ ላይ ያልቃል። በ18 ዓመቱ የፈረመ ልጅ ቡድኑ ካላሰናበተው ወይም ለሌላ ካልሰጠው እስከ ሰባት የውድድር ዘመን ድረስ የዚያው ቡድን ነው። ቡድኑ በፈለገ ቀን ሊያሰናብተው ይችላል። እሱ ግን ተነስቶ መሄድ አይችልም።

ዱላውም ይለወጣል። በሃይስኩልና በኮሌጅ የሚመታው በብረት ዱላ ነው፤ ፕሮፌሽናሎቹ ጋ እንጨት ነው። ሃይስኩል ውስጥ እንዳሻው ሲመታ የነበረ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ዱላው ዝም ሲልበት ድንጋጤው ከባድ ነው።

ስለ ዴሪክ ጂተር ልንገርዎ። ልጅዎ ስሙን በደንብ ያውቀዋል። በ1992 ኒውዮርክ ያንኪስ ከሚሺጋን ሃይስኩል በስድስተኛ ምርጫ ወሰደው፤ ከአገሩ ሁሉ ስድስተኛ ማለት ነው። ያን ክረምት ፍሎሪዳ ውስጥ በጀማሪዎቹ ሊግ ተጫውቶ መምታት አቃተው። የቤተሰብ ናፍቆት ያስለቅሰው እንደነበር እሱ ራሱ ተናግሯል። በቀጣዩ ዓመት ግሪንስቦሮ፣ ኖርዝ ካሮላይና ላኩት። በዚያ አንድ የውድድር ዘመን ሾርትስቶፕ ላይ 56 ስህተት ሠራ። 56! ይሄ ልጅ ለቦታው አይሆንም፣ ወደ ውጪው ሜዳ ይውጣ ያሉ ነበሩ። ያንኪስ ግን ታገሠው። በ1995 ሜጀር ሊግ ገባ፣ በ1996 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፣ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ2020 ወደ ዝነኞች አዳራሽ ሲመረጥ ድምፅ ከሰጡት 397 ሰዎች 396ቱ መረጡት።

ሰው ይሄን ታሪክ ሲያወራ «ጽናት» ይላል። ጽናቱ እውነት ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ያንኪስ የታገሠው ብዙ ገንዘብ ስላወጣበት ጭምር ነው። ስድስተኛ የተመረጠ ልጅ 56 ስህተት ቢሠራ አሰልጣኝ ይመደብለታል፣ ሌላ ዕድል ይሰጠዋል፣ ሌላም ይደገምለታል። በ15ኛው ዙር የተመረጠ ልጅ ተመሳሳይ ነገር ቢያደርግ ዓመቱ ሳያልቅ የስንብት ስልክ ሊደወልለት ይችላል። የፊርማው ገንዘብ ልጁ ኪስ ከሚገባው በላይ ትርጉም አለው፤ ቡድኑ ምን ያህል ሊታገሠው እንደተዘጋጀ የሚያሳየው እሱ ነው። ልጅዎ ይሄን በደንብ እንዲገባው እፈልጋለሁ። 150 ሺህ ዶላር ለቤታችሁ ብዙ ገንዘብ ነው፤ አውቃለሁ። ለቡድኑ ግን ቢጠፋም የማያስቆጭ ገንዘብ ነው።

ያም ቢሆን ሁሉ ተቆርጦ እጁ የሚገባው ያንሳል። ታክስና የወኪል ድርሻ ሲነሳለት መቶ ሺህ ገደማ ቢተርፈው ነው። ውድ የሚባሉት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለት ዓመት እንኳ አያስተምሩበትም።

ሰፈራችሁ ዋሽንግተን አጠገብ ስለሆነ ትሬይ ተርነርን ልጅዎ ያስታውሰዋል። ከዋሽንግተኑ ቡድን ከናሽናልስ ጋር በ2019 ሻምፒዮን የሆነው ፈጣኑ ሾርትስቶፕ ነው። በ2011 ከሃይስኩል ሲወጣ ፒትስበርግ በ20ኛው ዙር መረጠው። አልፈረመም። ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2014 በ13ኛ ምርጫ፣ ማለትም በመጀመሪያው ዙር ተወሰደ። በዓመቱ ሜጀር ሊግ ደረሰ። በ2022 መጨረሻ ላይ ከፊላደልፊያ ጋር ለ11 ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ሦስት የኮሌጅ ዓመታት ምንም አላስቀሩበትም። እንዲያውም አካሉ ጠነከረ፣ ዋጋው ናረ።

ከሱ በፊት ኦዚ ስሚዝ አለ። በመከላከል ከሱ የሚበልጥ ሾርትስቶፕ አልታየም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ። በ1976 ዲትሮይት መረጠው። በትንሽ ገንዘብ ሳይስማሙ ቀሩና ወደ ካሊፎርኒያው ኮሌጁ ተመለሰ። በ1977 ሳንዲያጎ መረጠው፣ በ5,000 ዶላር ፈረመ፣ በ1978 ሜጀር ሊግ ውስጥ ነበር። ከ1980 እስከ 1992 ለ13 ተከታታይ ዓመታት የወርቅ ጓንት ሽልማት ወሰደ። እምቢ ማለቱ በር አልዘጋበትም።

ልጅዎ «ጋነር ሄንደርሰንስ?» ብሎ ይከራከር ይሆናል። ልክ ነው። የባልቲሞሩ ሾርትስቶፕ በ2019 ከሃይስኩል በሁለተኛው ዙር ተመርጦ፣ የኮሌጅ ቦታውን ትቶ ፈረመ። በ21 ዓመቱ ሜጀር ሊግ ገባ፤ በ2023 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። ግን የተከፈለው ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ለልጅዎ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ እኔም ምክሬን እቀይራለሁ። ያኔም ቢሆን ዋስትና የለም። በ2004 ከአገሩ ሁሉ አንደኛ የተመረጠው የሃይስኩል ሾርትስቶፕ ማት ቡሽ ነበር። በሾርትስቶፕነት ሜጀር ሊግ ሳይደርስ ቀረ። ብዙ ከባድ የሕይወት ችግር አልፎ በ2016 ነው የገባው፣ ያውም ለመቺው ኳስ የሚወረውር ወርዋሪ (ፒቸር) ሆኖ።

ስለዚህ አሁኑኑ፣ ድራፍቱ ሳይደርስ፣ ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ አንድ ቁጥር ቁረጡ። «ከዚህ በታች ከሆነ ኮሌጅ፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ፊርማ» የምትሉት ቁጥር። ቁጥሩን ስትቆርጡ የአራት ዓመት ትምህርት ሙሉ ወጪ፣ ታክሱና ልጁ ማይነር ሊግ ውስጥ የሚቆይባቸው ዓመታት ይታሰቡ። ከዚያ ለሁሉም መልማይ ያንኑ አንድ ቁጥር ንገሩ። በድራፍቱ ቀን ስልክ ሲደወል ልብ ይመታል። በዚያች ሰዓት የሚወሰን ነገር ያስቆጫል። ቁጥሩ ቀድሞ ካለ አባትም ልጅም የሚጣሉበት ነገር አይኖርም።

ቢፈርምም የትምህርት ገንዘብ በውሉ ውስጥ ይግባ። ቡድኖቹ ለሚያስፈርሙት ልጅ የኮሌጅ ወጪ የሚሸፍኑበት አሠራር አለ፤ መጠኑ ግን ስትደራደሩ የሚቆረጥ ነው። ከጨዋታ በተሰናበተ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን መጀመር አለበት። ይሄ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ የፕሮፌሽናል ውል ከፈረመ በኮሌጅ ቤዝቦል መጫወት አይችልም። ማንም ወኪል ነኝ ባይ ወረቀት ሲያቀርብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የስፖርት ደንብ የሚከታተለውን ቢሮ ጠይቁ።

ኮሌጁንም በጭፍን አትመኑ። የቤዝቦል ስኮላርሺፕ እንደ አሜሪካን ፉትቦል አይደለም። ለብዙ ዓመታት ለአንድ ቡድን የተፈቀደው 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር። ያንን ለብዙ ልጆች ሸንሽነው ነው የሚሰጡት። ከ2025 ወዲህ ስለ ኮሌጅ ስፖርት የተደረገውን አዲስ ስምምነት የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 34 ተጫዋች መርዳት ይችላሉ፤ ያን ያህል የሚያወጡ ግን ሁሉም አይደሉም። «ከፊል» የተባለው ስንት እንደሆነ፣ በየዓመቱ ይታደስ እንደሆነ፣ ቢጎዳ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። አሰልጣኙ ልጁን ሾርትስቶፕ ላይ ሊያቆመው አስቧል ወይስ ከፊቱ ሁለት ሰው አለ? የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ድራፍት ውስጥ የሚመለሰው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ሲሞላው ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የገባ ግን በየዓመቱ ሊመረጥ ይችላል። ልጁ ሦስት ዓመት በዛብኝ ካለ ይሄም መንገድ ነው፤ የሚናቅ አይደለም።

ልጅዎ ሾርትስቶፕ ሆኖ ላይዘልቅም ይችላል። ይሄን ካሁኑ ቢሰማ ጥሩ ነው። የናንተው ሜሪላንድ ያፈራው፣ የአበርዲኑ ካል ሪፕከን፣ በ1978 ከሃይስኩል በሁለተኛው ዙር ተመርጦ ለባልቲሞር ፈረመ። ለሾርትስቶፕ በጣም ረጅም ነው ተብሎ ነበር። አንድም ሳያጓድል 2,632 ጨዋታ በተከታታይ ተጫወተ። እሱም በ1997 ወደ ሦስተኛ ቤዝ ተዛወረ። አሌክስ ሮድሪገዝ በጊዜው የሚያህለው ሾርትስቶፕ አልነበረም፤ በ2004 ያንኪስ ሲገባ ቦታው ላይ ጂተር ስለነበር ሦስተኛ ቤዝ ሄደ። ዛሬ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ሃይስኩል ውስጥ ሾርትስቶፕ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ሌሎቹንም ቦታዎች ይለማመድ። ቦታ መቀየር ሲመጣ እንደ ውርደት እንዳያየው።

ስለ ጾሙ ያሉት ልቤን ነካው። ዐቢይ ጾም የሚውለው በጸደይ፣ የሃይስኩሉም የኮሌጁም ውድድር በሚፋፋምበት ወቅት ነው። ምግቡ ራሱ አያስቸግርም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ በደንብ ከበላ ጉልበት ያገኛል። የሚከብደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ መዋሉ ነው። በሞቃት ቀን ውኃ ሳይጠጣ ልምምድ እንዲሠራ አይፍቀዱለት። ይሄንን ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት፤ እንደ አቅሙና እንደ ሥራው ሥርዓት ያወጡለታል። ለአሰልጣኙም ይንገር፣ አይደብቅ። እሑድን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ፤ በሁለቱም መንገድ ይነካል። ኮሌጅ አብዛኛውን ጊዜ ከዓርብ እስከ እሑድ ይጫወታል፤ ማይነር ሊግም እሑድ አያርፍም። ቤቱ ሲሆን በጠዋት አስቀድሶ ከሰዓት መጫወት የሚችልበት ጊዜ ይኖራል። ርቆ ሲሄድ ግን የኛ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ከተማ ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲው ለቤታችሁ ወይም ለሐበሻ ማኅበረሰብ ቅርብ ከሆነ፣ ለ18 ዓመት ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ኮሌጁ እንዳደላ ካደረጉኝ ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ አባትና ልጅ። ድራፍቱ ጁላይ ላይ ነው። ያኔ ልጁ 18 ከሞላው ፊርማው የራሱ ነው፤ አባቱ በቁጣ ሊያስቆሙት አይችሉም። በልጅዎ ዘንድ ሊሰማ የሚችለው የሚያከብረው ሰው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ ከመምከራቸው በፊት አንድ ጨዋታ ሙሉውን ተቀምጠው ይዩ። እርስዎም አብረው ይሂዱ። ልጁን ብቻ ተከታተሉ፣ ኳሷን ተዉአት። ማታ ላይ «ያቺን ኳስ እንዴት ቀድመህ አወቅሃት?» ብለው ይጠይቁት። ልጁ ያስረዳቸዋል፤ ለማስረዳት ሲጠብቅ ነው የኖረው። ኩርፊያው በዚህ ካልተፈታ የክርስትና አባቱን ወይም ሁለቱም የሚያከብሩትን አንድ ዘመድ ቤት ጥሩና ያነጋግሯቸው። እርስዎ መልእክት አመላላሽ ሆነው አይቀጥሉ፤ ይጎዳዎታል።

መልማዩ በሚቀጥለው ሲመጣ ባለቤትዎም ይገኙ። ጥያቄውን የሚጠይቀው ግን ልጁ ራሱ ይሁን። በየትኛው ዙር ነው የምታስቡኝ? የምትከፍሉኝ ስንት ነው፣ ለትምህርትስ ስንት ትጨምራላችሁ? ሾርትስቶፕ ላይ ታቆዩኛላችሁ ወይስ ለሌላ ቦታ ነው የምትፈልጉኝ? በናንተ ቡድን ከታች ያሉት ሾርትስቶፖች ስንት ናቸው? ባለፉት ዓመታት ከ11ኛው ዙር በኋላ ከሃይስኩል ያስፈረማችኋቸው ልጆች ዛሬ የት ናቸው?